በሽታ የምዘራበት ማሳ

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ማስረዳት ካቃታት ዓመታት አልፈዋል። አምቦ ላይ የተማረ ሰው ወይ ያስተምራል፣ ወይ ያክማል፣ ወይ ቢሮ ይገባል። የእሷ ልጅ "ዶክተር" ትባላለች፤ ጎረቤት ወገቡን ይዞ ሲመጣ ግን "እኔ የስንዴ ነኝ" ብላ ትመልሰዋለች። እናቴ በዚህ ምን ያህል እንዳፈረችብኝ የማውቀው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባና አገሬው ማጭዱን ሲስል ደግሞ "ያንቺስ ስንዴ አልደረሰም?" ትለኛለች።

"አልደረሰም።"

"የሰው ስንዴ በክረምት ተዘርቶ ለገና ይበላል። ያንቺ ምን ቢሆን ነው በየዓመቱ ከርሞ፣ ከርሞ የምትዪው? ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ ነገሩ።"

ጥያቄዋ ያበሽቀኛል። መልሱ ረጅም ነው፤ እሷ ደግሞ ረጅም መልስ አትወድም።

አጭሩ መልስ እንግዲህ ይኸው። ስንዴ ጎረቤቱን የማይፈልግ እህል ነው። ወንዴውም ሴቴውም አንድ አበባ ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ፤ አበባው ሳይከፈት ጉዳያቸውን ይጨርሳሉ። ሁለት ዓይነት ስንዴ ማጋባት የፈለገ ሰው ቀድሟቸው መድረስ አለበት። ስለዚህ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከእያንዳንዷ አበባ ውስጥ የወንዴውን ክፍል በወረንጦ እየለቀምኩ አወጣለሁ፤ ዛላዋን በወረቀት ከረጢት እሸፍናለሁ፤ ከቀናት በኋላ ከሌላኛው ስንዴ ብናኙን አምጥቼ አራግፍባታለሁ። ከአጥሩ ውጭ የሚያልፉ ሴቶች ቆም ብለው ያዩኝና "ዛሬም ለስንዴው ቅንድብ ትነቅልለታለች" ይባባላሉ። መስማቴ ምንም አያስጨንቃቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጣል ነው። ከሁለቱ የተወለዱትን መዝራት፣ ማየት፣ አብዛኛውን መጣል፤ የተረፈውን እንደገና መዝራት፣ እንደገና መጣል። ሰው ሥራዬ ማብቀል ይመስለዋል። እኔ ግን ከማበቅለው የምነቅለው ይበልጣል።

በ2007 ዓ.ም.፣ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ፣ ካዳቀልኳቸው መካከል አንዷ ናት ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችብኝ። እናቷ ገበሬው የሚወዳት፣ ፍሬዋ ነጭና ደንዳና የሆነ ስንዴ ነበረች፤ ችግሯ ቢጫ ዋግ ነው። ቢጫ ዋግ ቅጠል ላይ እንደ እርድ ዱቄት የሚወጣ በሽታ ነው፤ በጣት ሲነኩት ጣት ያቀልማል፤ ቀዝቃዛና ጭጋጋማ ክረምት ካገኘ አንድን ማሳ ገለባ ብቻ አድርጎት ይሄዳል። አባቷ ደግሞ ረጅም፣ ነፋስ የሚጥለው፣ ዳቦው ጥርስ የሚፈትን፣ ዋግ ግን ዞር ብሎ የማያየው ስንዴ ነበር። ልጃቸው የእናቷን ፍሬና የአባቷን ጤና ይዛ ወጣች። እንዲህ ያለው እምብዛም አይሆንም፤ ለእኔ ሆነ። ወረቀት ላይ ያላት ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ግን ለብቻዬ ስሆን "ልጅት" እላት ነበር።

ልጅትን ያሳደግኳት በንጭንጭ ነው። አንድ ዓመት መኪናው ይበላሻል፤ መለዋወጫ እስኪገዛ ስንዴው አብቦ ይጨርሳል። አንድ ዓመት ነዳጅ ይጠፋል። አንድ ዓመት መንገድ ይዘጋና ከአምቦ መውጣት አይቻልም፤ ስልኩም ስለሚዘጋ ስንዴው ይኑር ይሙት የሚነግረኝ አጣለሁ። ጎጆ ከተማ አጠገብ ያለን ማሳ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ መንገዱ በክረምት ጭቃ ብቻ ነው፤ ድንች የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ግማሽ ቀን የጠበቅንበት ጊዜ አለ። ደርሰን ስናይ በግ ገብቶበት ጫፉን ግጦታል። እረኛ ለመቆጣት እንኳ እረኛ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ መስከረም ላይ፣ ስንዴ በሚታይበት ዋና ወቅት፣ ስልጠና ይጠሩኛል። የስንዴ ሰውን በመስከረም ስልጠና መጥራት ቄስን በፋሲካ ዋዜማ ሠርግ እንደመጥራት ነው።

ያም ሆኖ ልጅት አደገች፤ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ዋግ በበዛበት ማሳ ላይ፣ መድኃኒት ሳይነካት፣ በጤና ቆማ መታየት ነበረባት። ይህን ካለፈች አዲስ ዝርያ ወደሚያጸድቁት ሰዎች ትቀርባለች፤ እነሱ ከተቀበሏት ዘሯ ተባዝቶ ገበሬ እጅ ይገባል። ካላለፈች የወጣትነቴ ግማሽ ከገለባ ጋር ሄደ ማለት ነው። ጎጆ ላይ በዚያ ሰሞን ዋግ እንደሚገባው አልመጣም ነበር። የቀረኝ ደንዲ ነው።

ደንዲ ላይ ማሳቸውን የሰጡኝ ሰው በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ እድር ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚናገሩ። አገሬው ኦቦ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። እሳቸው እኔን ዶክተር ለማለት ሞክረው ስላልጣማቸው ተዉትና "ኢንታላ ኮ"፣ ልጄ፣ ይሉኝ ጀመር። ማሳቸው ረባዳ ላይ ነው፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሳም። ለሰው አይመችም፤ ለዋግ ግን ገነት ነው።

ችግሩ የተነሳው ከአሠራራችን ነው። የዋግ ሙከራ ስንዘራ በየመደቡ መካከል በሽታው የሚወደውን አሮጌ ስንዴ በመስመር እንዘራለን። እሱ አስቀድሞ ይታመማል፤ ታሞም ለጎረቤቶቹ ያዳርሳል። በዚያ ሁሉ በሽታ መካከል አረንጓዴ ሆኖ የቀረውን ነው የምንፈልገው። ይህን ለሽማግሌው ሳስረዳ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

"ቆይ እስቲ። በሽታ ልትዘሪብኝ ነው የመጣሽው?"

"አዎ አባባ።"

"ሲታመም ደግሞ እንዳላክመው?"

"መድኃኒት እንዳይነካው። ከነካው ሙከራው ሞተ ማለት ነው።"

ሳቁ። "ኢንታላ ኮ፣ እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ ከበሽታ ስሸሽ ነው የኖርኩት። አሁን በእርጅናዬ በሽታ አርቢ ሆንኩ በይኛ።" ሆኖም ማሳቸውን ሰጡኝ፤ በሬያቸውንም ጠምደው አረሱልኝ።

ክረምቱ እንደ ምኞቴ ጭጋጋማ ሆነ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አሮጌው ስንዴ ቢጫ ነጠብጣብ ማውጣት ጀመረ፤ እኔም ደስ እያለኝ ተመለስኩ። ዋግ ሲያይ ደስ የሚለው ከእኔና ከመድኃኒት ነጋዴ በቀር ማን አለ? በዚያው ዕለት አንድ ነገር ለሽማግሌው ነገርኳቸው፤ መስከረም መጨረሻ ላይ የመስክ ጉብኝት አለ፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ከአዲስ አበባም የሚመጡ አሉ። ይህን መንገሬ የሚገባ ነገር ነበር። ቤቱ እንግዳ ሲመጣ ባለቤት ማወቅ አለበት። ያላሰብኩት፣ እንግዳ የተባለው ቃል እሳቸው ጆሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ከዚያ ለስልጠና ተጠራሁና ሦስት ሳምንት ቀረሁ። ሽማግሌው ግን በየቀኑ ማሳቸውን እያዩ ነበር። የጎረቤቶቻቸው ስንዴ ተረጭቶ አረንጓዴ ነው፤ የእሳቸው ብቻ ከመንገድ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ "ኦቦ፣ ዘንድሮ ኑግ ነው እንዴ የዘሩት?" ይሏቸው ነበር አሉ። እሱንስ በሳቅ አለፉት። እንግዳው ግን አላስተኛቸውም።

ከስልጠናው ስመለስ በቀጥታ ደንዲ ሄድኩ። ጉብኝቱ በሁለተኛው ቀን ነበር። ከመኪናው ወርጄ መጀመሪያ ያየሁት ልጅትን ነው። አረንጓዴ ናት፤ ቅጠሏ ንጹሕ፣ ዛላዋ ሙሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ፊቴ ቆሟል። በልቤ እናቴን "ደረሰልሽ" አልኳት።

ከዚያ ከጎኗ ያለውን መደብ አየሁ። እሱም አረንጓዴ ነው። የሚቀጥለውም። ቀና ብዬ በመካከል ያለውን አሮጌ ስንዴ አየሁ፤ በሽታ እንዲይዘው ብዬ የዘራሁት፣ በዚህ ሰዓት ቢጫ ለብሶ መድረቅ የነበረበት ስንዴ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ተውቦ ቆሟል። ማሳው ሁሉ ጤነኛ ነው። ሁሉም ጤነኛ ከሆነ ልጅት ጤነኛ ትሁን አትሁን የሚያውቅ የለም።

ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፈገግ እያሉ መጡ።

"አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ? አየሽው?"

"አባባ፣ ማን ነው የረጨው?"

"እኔ ነኛ። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ።" አልደበቁም፤ እንዲያውም ኩራት ነበራቸው። "መድኃኒቱን ከጊንጪ አስመጣሁ። ሁለት ጊዜ ነው የረጨሁት።"

"አይነካ አላልኩዎትም?"

"ብለሻል። ግን እንግዳ ይመጣል አልሽኝ። ልጅ ቢታመም ፊቱ ሳይታጠብ እንግዳ ፊት ይቀርባል? አለቆችሽ መጥተው ያን ቢጫ ቢያዩ ምን ሊሉሽ ነው? ይህቺ ልጅ ሥራ አትችልም ይላሉ። እኔ ማሳ ላይ አንቺ ልታፍሪ?"

ቢሰርቁኝ እጮህ ነበር፤ ቢዋሹኝ እሳደብ ነበር። ለእኔ ክብር ብለው ከኪሳቸው አውጥተው፣ መርጫውን በዚያ በጎበጠ ጀርባቸው ተሸክመው፣ ስምንት ዓመቴን ገደል ከተቱት። እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይህ ነው። ማሳውን ዞርኩት፤ እሳቸው ከኋላዬ እየተከተሉ የትኛው መደብ በደንብ እንደዳነ ያሳዩኛል። ቤት ገብቼ እርጎ እንድጠጣ ለመኑኝ። ጠጣሁ። እየጠጣሁ ተናደድኩ።

የጉብኝቱ ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ኮፍያና ቲሸርት ታደለ። እንግዶቹ በማሳው መካከል እያለፉ ፎቶ ተነሱ። "እንዲህ ዓይነት ንጹሕ ሙከራ አይቼ አላውቅም" ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ልክ ነው፣ ማንም አይቶ አያውቅም። ማይክሮፎኑ ሲሰጠኝ፣ ሽማግሌውን ሳላሳፍር እውነቱን እንዴት እንደምናገር ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ነበር። "ማሳው መድኃኒት ስላገኘ ዘንድሮ ስለ ዝርያዎቹ ምንም ማለት አንችልም" አልኩ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አልኩት። ተጨበጨበ። የመስክ ጉብኝት ላይ ሰው የሚያጨበጭበው ስለሰማው ነገር ሳይሆን ንግግሩ ስላበቃ ነው። ከዚያ ሽልማት ተሰጠ። ማሳቸውን በሚገባ ለተንከባከቡ አርሶ አደር ተብሎ የሽማግሌው ስም ተጠራ፤ ሽልማቱ በጀርባ የሚታዘል አዲስ የመድኃኒት መርጫ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

አለቃዬ ወደ አምቦ ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝግ ባለ ድምፅ "ሌላው ቦታ ሁሉ ውጤቷ ጥሩ ነው። እዚህም ንጹሕ ናት። ንጹሕ ብለሽ መዝግቢያትና ትለፍ፤ ማን ያውቃል?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞት ነው።

"ዋጉ ያውቃል" አልኩት።

የዚያን ዓመት ውጤት ሰረዝኩ። ለእናቴ ከርሞ ነው ስላት እጇን አጣጥፋ ለረጅም ጊዜ አየችኝና "ወይ ስንዴ" ብቻ አለች። ስድብ ብታወርድብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ማሳ ፈለግሁ፤ እንደዚያ ዋግ የሚወደው አላገኘሁም። እያንገሸገሸኝ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። እንዳይነኩት በእመቤታችን አስማልኳቸው። ማሉ። መርጫውን ለጎረቤት አውሰው ከቤት አስወጡት። እንግዳም አልጠራሁም፤ አለቃዬን እንኳ አልነገርኩትም።

ነሐሴ አለፈ፤ መስከረም ጠባ፤ አሮጌው ስንዴ በወጉ ታመመ። በየሳምንቱ ሄድኩ፤ ልጅት ንጹሕ ናት። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ የላይኛውን ቅጠሏን ገልብጬ በጣቴ ጠረግሁት። ጣቴ ቢጫ ሆነ። ሌላ ቅጠል ጠረግሁ። ሌላ። በሚቀጥለው ሳምንት ዛላዋ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ከዚህ በፊት የማይደፍራት ዋግ አዲስ ዓይነት ሆኖ መጥቶባት ነበር። ዋግ እንዲህ ነው፤ እኛ አንዲት ስንዴ ለማሳደግ ዕድሜ ስንጨርስ እሱ በአንድ ክረምት ይለወጣል። የመጨረሻውን ውጤቷን መዘገብኩና ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መናደድ ፈለግሁ፤ የምናደድበት ሰው አጣሁ።

ሽማግሌው ከቤታቸው ሆነው አይተውኛል። ትንሽ ቆይተው መጡ፤ ባለቤታቸውም አብረው ነበሩ፣ ሁለት የእድር ሰዎችም ተከትለዋል። ሴትየዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የሞተችብኝ ስንዴ መሆኗን ያውቃሉ፤ ሁሉንም ነገር ያውቃሉ። መጥተው ከጎኔ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው "ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ" አሉኝ፤ እግዜር ያጽናሽ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ" አሉ ሽማግሌው። "አምና የረጨሁት ነው የገደላት?"

ዓመት ሙሉ ይህን ይዘው ኖረዋል። እየሳቁ ሲቀበሉኝ፣ ሲምሉልኝ፣ መርጫውን ከቤት ሲያስወጡ፣ ይህ ጥያቄ ሆዳቸው ውስጥ ነበር።

"አይደለም አባባ። ዋጉ ነው የተለወጠው። እንዲያውም አምና ባይረጩ ኖሮ ታልፍ ነበር። ዘሯ ይባዛ ነበር፤ ውሎ አድሮ እርስዎም ልጆችዎም ጎረቤቶችዎም ትዘሯት ነበር። ያኔ በሁላችሁም ማሳ ላይ ነበር የምትሞተው።"

አሰቡበት። አገጫቸውን አሻሹ። "ታዲያ ደግ አደረግሁ?"

"አላደረጉም" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። "ሙከራዬን ነው ያጠፉት። እንዲህ ሆኖ መግጠሙ ሌላ ነገር ነው። ይህን ደግ ሥራ ነው ካሉማ እኔ..." መጨረስ አልቻልኩም። ለቅሶ ቀደመኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በአራት ሰው ፊት፣ ለስንዴ ተንሰቀሰቅሁ፤ ተንሰቅስቄም በራሴ ተናደድኩ። ማንም "ተይ" አላለኝም፤ ማንም አልሳቀም። አንገታቸውን ደፍተው እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ።

ሲያበቃልኝ ሴትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝና "በይ ተነሺ፣ አብረን እንንቀላት" አሉ። ነቀልናት፤ እድርተኞቹም አገዙን። ሽማግሌው ነዶውን አቅፈው ወደ በረት ወሰዱት። ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኳትን በሬዎቻቸው ከምሳ በፊት በልተው ጨረሷት።